በሰው አፍ የዘፈንኩት

ከንፈሯ ከድምፄ ይቀድማል። ብዙ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል፣ እኔን ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይቆረቁረኛል። ድምፁን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ፍሬም፣ የዓይን ጥቅሻ ታህል፣ ወደ ግራ ሳብኩት። አሁን ደግሞ ከንፈሯ ዘገየ። አንድ መለስኩለት። ከመጀመሪያው አጫወትኩት፣ አቆምኩት፣ ከወንበሬ ተነስቼ እስከ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና አጫወትኩት።

«እትዬ፣ በእናትሽ በቃ!» አለ ከኋላዬ ሌንስ ሲወለውል የነበረው የቡድናችን ካሜራማን። «ሰው ክሊፕ የሚያየው ጥርስ ሊቆጥር ነው እንዴ?»

«ስንኙ ሳያልቅ አፏ ተዘግቷል።»

«ይዘጋ! እኔ አበባውን ነው የማየው።»

የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጅማ እንደ ልማዷ ሳታስጠነቅቅ መዝነብ ጀምራለች፤ የቆርቆሮው ጩኸት በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ አልፎ ይመጣል። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር «ሴቭ» የሚለውን እጫናለሁ። የማስቀምጠው ደግሞ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፦ የራሴን ድምፅ በሌላ ሰው አፍ ላይ ስለካ መዋሌን።

ከክፍሉ ተማሪ ሁሉ በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ። አባቴ የሞተ ጊዜ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አሰንዳቦ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እናቴ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳሙናና ዘይት እየሸጥኩ፣ ከመንገደኛ የሚተርፈውን መጽሐፍ እያነበብኩ ዓመታት አለፉ። ከዚያ በማታ ትምህርት ቀጥዬ፣ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ እኔ ራሴ ደብተር ይዤ ጅማ ገባሁ። ሚዲያ ቴክኖሎጂ የሚባለውን ክፍል የመረጥኩት ጸጥ ብሎ የሚሠራ ሥራ መስሎኝ ነው። ልጆቹ «እትዬ» አሉኝ፤ መጀመሪያ ለፌዝ ነበር፣ በኋላ ስሜ ሆኖ ቀረ።

የመጨረሻው የቡድን ሥራ አንድ ዘፈን ከነክሊፑ ማቅረብ ነበር። ግጥሙም፣ ቀረጻውም፣ ኤዲቱም የራሳችን መሆን አለበት። ቡድናችን ሦስት ነን፤ እኔ፣ የአዲስ አበባው ካሜራማን፣ እና ከሄርማታ ገበያ የምትመጣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። መጽሐፍ የምታነብ ሴት ግጥም አታጣም ብለው ግጥሙን ለእኔ ሰጡኝ። እኔም የማውቀውን ጻፍኩ፤ መንገድ ዳር ተቀምጣ የሚያልፍ መኪና የምታይ ሴት፦

መኪናው ያልፋል፣ አቧራው ይቀራል፣
ዓይኔ ከመስታወት መስታወት ይዞራል።

ዘፋኝ እስክናገኝ ዜማው እንዳይጠፋ ብዬ፣ ማደሪያ ክፍሌ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በመቅጃ ዘፈንኩት። ለሌላ ሰው ማስጠኛ እንጂ ለማንም ጆሮ አልነበረም። ካሜራማኑ ሰምቶ ሲጨርስ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ይሄን ጉሮሮ የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው? ሌላ ዘፋኝ አንፈልግም። ቀሽት ነው!»

«ድምፄን ውሰዱ» አልኩ። «ፊቴን ግን ተዉልኝ።»

የሄርማታዋ ልጅ ወዲያው፣ «ፊቱን እኔ እሰጣለሁ» አለች።

እሷ ከእኔ የተሻለ ድምፅ እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን። በቤተሰቧ ድግስ መንዙማ ስትል የቀረጸችውን አንድ ቀን አሰምታኝ፣ ሌሊቱን ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ሲዞር አድሯል። ለምን አንቺ አትዘፍኚውም ስላት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ድምፄ ለመንዙማ ነው። ዘፈን አልዘፍንበትም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ከንፈር ማንቀሳቀስ ግን ትወና ነው፣ ሚቲ፣ አይደል?»

«ነው» አልኳት። ገብቶኛል። እኔም ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምር ነበርና ድምፅ ለአንድ ቦታ ብቻ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ከንፈርና ድምፅ እንዲህ በቀላሉ ይለያያሉ ወይ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። መልሱ የእኔን ፊት ወደ ካሜራው የሚያመጣ ከሆነ ምን አስጠየቀኝ?

ለቀረጻ ሊሙ ገነት ሄድን። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ቡናው አብቦ ነበር። የቡና አበባ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፤ ዛፉ ሁሉ ነጭ ይለብስና ሳትጠግበው ይረግፋል። ዘፈኑ ስለ መንገድ ነው ብል ካሜራማኑ ሳቀብኝ። «እትዬ፣ አበባ እያለ አቧራ ማን ያያል?» ስፒከሩን የጥላ ዛፍ ሥር አስቀምጦ ዘፈኑን ለቀቀው። ልጅቱ ሐምራዊ ሻሿን አስተካክላ አፏን ከድምፄ ጋር ማስኬድ ጀመረች። ቃሉ እንዳይጠፋት ካሜራማኑ አጠገብ ቁሚልኝ ብላኝ፣ እኔ ከካሜራው ጎን ቆሜ ድምፅ ሳላወጣ እዘፍናለሁ፣ እሷ የእኔን አፍ እያየች ትከተላለች። ያማረ ነገር ነበር። ካሜራው የሚያየው እሷን፣ እሷ የምታየው እኔን። ንቦቹ እላያችን ላይ ይጮኻሉ፤ እኔ ግን አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ እግሬን እቀያይራለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ረቂቁን ካሜራማኑ «ለአስተያየት» ብሎ የክፍላችን ግሩፕ ላይ የለቀቀው ጊዜ ነው። ከግሩፑ ወጣ። ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። በማግስቱ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ፣ ከመሪው አጠገብ በተሰካው ስልክ ላይ፣ የራሴ ድምፅ እየዘፈነ ጠበቀኝ።

«አሪፍ ናት አይደል?» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ። «የኛው ሰፈር ልጅ ናት። ሄርማታ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ ልጅ።»

«እሷ ናት የዘፈነችው?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? አፏን አታዪም?»

ከመውረጃዬ በፊት ወረድኩ። በጭቃው ላይ ስራመድ ደስ ብሎኝ እንደሆነ ወይ ተናድጄ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ብቻ ስልኬን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ፣ አወጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ከትምህርት ቀረች። ስልኳም ዝግ ነበር። በመጨረሻ አጭር መልእክት መጣ፦ «አባ ክሊፑ ካልተስተካከለ ክፍል አትገቢም ብለዋል።» ሥራው የሚቀርበው ሰኞ ነው። ሳይገኝ የቀረ ተማሪ ኮርሱን ይወድቃል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ኮርሱ ብቻ አልነበረም፤ አንዴ ቤት የተቀመጠች ልጅ እንዴት እዚያው እንደምትቀር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

አባቷ ዘፈነች ብለው ተቆጥተዋል ብዬ ገመትኩ። መድኃኒቱም ቀላል መሰለኝ፤ ሄጄ ድምፁ የእኔ ነው ማለት፣ ካላመኑ እዚያው መዝፈን። ሰው ፊት ዘፍኜ ስለማላውቅ መንገዱን በሙሉ በሆዴ እየተለማመድኩ ሄርማታ ደረስኩ።

ሱቁ ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ነው። ሐጂ ባንኮኒው ጀርባ ቆመው ለሁለት ሴቶች ጨርቅ ይለካሉ። ልጅቱ ከኋላ፣ ጣቃዎቹ መሐል፣ ጨርቅ ታጥፋለች። ስታየኝ እጇ ቆመ።

«ምን ልስጥሽ? የቀሚስ ነው?» አሉኝ ሐጂ።

«ጨርቅ አይደለም ሐጂ። የልጅዎ የክፍል ጓደኛ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጓደኛ? መምህሯ መስለሽኝ።»

አንደኛዋ ገበያተኛ ሳቋ አመለጣት። ጆሮዬ ጋለ፤ ያጠናሁትን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረድኩት። «የመጣሁት ስለ ክሊፑ ነው። ልጅዎ አልዘፈነችም። የእሷ አፉ ብቻ ነው፣ ድምፁ የእኔ ነው። ካላመኑኝ እዚሁ…» ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እሷ አለመሆኗን። ያሳደግኳትን ልጅ ድምፅ ላጣው ነው? አፏን ስትከፍት ነው ያወቅኩት።»

የሳቀችው ሴትዮ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ጣለችው። «ያ ራቢ! የሷ አይደለም? እኔ እኮ የሐጂ ልጅ ናት ብዬ ለስንቱ አሳየሁ!»

«ይኸው!» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን ወደ እሷ ዘርግተው። «ሰማሽ? ጠዋት ሱቅ ስከፍት፣ ማሻአላህ፣ የልጅዎ ድምፅ! ይሉኛል። ምን ልበል? አሜን ብዬ የሌላ ሰው ምስጋና ልቀበል? የሷ አይደለም ብል ደግሞ፣ ታዲያ አፏ ለምን ዋሸ ይሉኛል። መልሱ ሲጠፋኝ ቤት ትቀመጥ አልኩ።»

«አባ፣ ትወና ነው አልኩዎት እኮ!» አለች ልጅቱ ከኋላ። «ፊልም ላይ የሚሞተው ሰውዬ እውነት ይሞታል?»

«እሱ ቢያንስ የሚሞተው በራሱ ነፍስ ነው።»

ሁለቱም ሴቶች ሳቁ። ልጅቱም ፈገግ ልትል ነበር፣ ዋጠችው። ሐጂ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ? ድምፅሽን የሰው አፍ ውስጥ ከተሽ፣ አንቺ የት ሄድሽ?»

«ካሜራው አጠገብ ነበርኩ።»

«ለምን?»

የቦርሳዬን ማንገቻ ጠመዘዝኩ። «ዕድሜዬ… መልኬም… ለክሊፕ አይሆንም ብዬ።»

«ኧረ ሲታጠብ ይሆናል!» አለች ያችው ሴትዮ። «ዋላሂ፣ ኩል ነገር ቢጨመርበት ምንም አይልም።»

ሐጂ አልሳቁም። ሜትሩን ጨርቁ ላይ አጋደሙት። «እኔ የዘፈን ሰው አይደለሁም። ሰው የሚለውን ግን በራሱ አፍ ይበል። አስተካክሉትና በዞረበት መንገድ ይዙር፤ ያኔ ልጄ ትመጣለች። ካልሆነ ኮሌጁም ይቅርባት፤ ሱቅ አለ።»

ሱቅ አለ። አባቴን በቀበርን ሰሞን እናቴ ያለችኝ ልክ ይህንኑ ነበር፣ በዚሁ ለስላሳ ድምፅ፣ ክፋት ሳይኖርበት። ልጅቱን አየኋት። እሷ ጨርቁን ታጥፍና ትዘረጋለች፣ ትዘረጋና ታጥፋለች።

«ይስተካከላል» አልኩ። ማን እንደሚያስተካክለው እየገባኝ።

ለካሜራማኑ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። «አንቺ? እትዬ? ካሜራ ፊት?» ከዚያ ተደናገጠ። «የሊሙ አበባ ረግፏል እኮ! ከድሮው ቀረጻ ጋር በምን ይገጥማል?»

«አበባ አልፈልግም። አሰንዳቦ እንሂድ።»

ለልጅቱ ደውዬ ፊትሽን ከክሊፑ ላወጣው ነው አልኳት። ከእኔ ይልቅ ለእሷ እንደሚያምርበት ሁለታችንም እናውቃለን። «አፌ የተዘጋበት ካለ እሱን ተይልኝ» አለች። ነበረ። ስንኝ እስኪደርስ ስትጠብቅ፣ አበባው መሐል ቆማ፣ የእኔን አፍ በዓይኗ ስትጠብቅ የሚያሳይ። እሱን አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ በሚኒባስ አሰንዳቦ ወረድን። እናቴ ካሜራውንና ስፒከሩን ስታይ ከሱቁ ደጃፍ ሳትነሳ ጮኸች።

«አስተማሪ ትሆናለች ስል አዝማሪ ሆና መጣች! ኧረ በስመ አብ!»

«ለትምህርት ነው እማዬ።»

«ለትምህርት ይዘፈናል? እኔማ እንዲህ መሆኑን ባውቅ እኔም እማር ነበር!» ይህን እያለች ነጠላ አውጥታ ራሴ ላይ ጣለችልኝ፣ ጫፉን አስተካከለች፣ በአውራ ጣቷ ምራቅ ቀብታ ከግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ጠረገች። እንደ ሕፃን።

ከሱቁ ፊት፣ መንገዱ ዳር ቆምኩ። ዓመታት የተቀመጥኩበት ቦታ ነው፣ ለመቆም ግን እግሬ አላወቀውም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ጫት የምትሸጠዋ ጎረቤታችን ካጋደመችው ጃንጥላ ሥር፣ «የኛዋ ዝምተኛ ናት? እሷ እንኳን ልትዘፍን ሒሳብ ስትነግርሽ እንኳ አይሰማሽም!» አለች። ካሜራማኑ ዘፈኑን ለቀቀው። አፌን ከድምፄ ጋር ማስኬድ ጀመርኩ።

አልሄደም። ብርድ ልብስ ውስጥ የዘፈነችው ሴት ማንም እንደማያያት አውቃ፣ ትንፋሿን እንደፈለገች እየወሰደች ነበር የዘፈነችው። እኔ እዚህ ፀሐይ ላይ፣ ሰው መሐል፣ አልደርስባትም። ስቀድማት፣ ስዘገይባት፣ እንደገና ሲጀመር፣ እንደገና ስስት። ቀረጻውን በትንሹ መስኮት አየሁት። ስንኙ ሳያልቅ አፌ ተዘግቷል።

«ችግር የለም» አለ ካሜራማኑ፣ እያሾፈ መሆኑን ሳይደብቅ። «አንቺ እንደምታደርጊው ሁለት ፍሬም ወደ ግራ እንስበዋለን።»

«ስፒከሩን አጥፋው።»

«እንዴ?»

«አጥፋው። ማይኩን አምጣው።»

ትንሿን ማይክ ነጠላዬ ሥር ለጠፈልኝ። ስፒከሩ ሲጠፋ ጸጥ ያለው ነገር አስፈራኝ፤ ከጅማ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ሩቅ ይሰማል። ቢያልፍ ልጠብቀው አልኩ፤ ከዚያ ከጠበቅኩ እንደማልዘፍን አወቅኩ። ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስንኝ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ መኪናው ደረሰ፤ ጡሩምባውን ነፍቶ፣ ቃሌን ከነዜማው ጠራርጎ አለፈ። አፌ ግን ቀጠለ። ከኋላው አንድ አውቶቡስ መጣ፤ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ወደ እኔ አዩ፣ እኔም እነሱን አየሁ፣ ከመስታወት ወደ መስታወት። አቧራው ጥርሴ መሐል ገባ። ጫት ሻጯ ከጃንጥላዋ ሥር ወጥታለች። እናቴ የሱቁን ደፍ ይዛ ቆማለች፣ መዝኚልኝ የሚል ሰው ፊቷ ቆሞ እያለ አልሰማችውም።

ከዚያ በኋላ ደጋግመን ቀረጽን። መኪና ያልመጣበትም አለ፣ ንጹሕ ነው። ግን በእነዚያ ላይ አፌን ስቆጣጠር ይታያል። እሑድ ኤዲት ስናደርግ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ካሜራማኑ፣ «ጩኸት ያለበትን? አንቺ?» አለኝ። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚሳብ ነገር አልነበረም፤ ጣቶቼ ሥራ ፈትተው ማውሱን ይነካካሉ። ክሊፑን ያኛው በዞረበት ግሩፕ ለቀቅነው፤ ከሥሩ ድምፁ የማን እንደሆነ፣ ያኛው ላይ ከንፈሩ የማን እንደነበረ ጻፍን። ከዚያ መጠበቅ። አንድ ሰው የልብ ምልክት ላከልኝ፤ ሌላው «እትዬ ጥርስሽ ያምራል» አለ፤ ሌላው «የበፊቷ ትሻል ነበር» ብሎ ጻፈ። ከሄርማታ ግን ምንም አልመጣም። ስልኩን ትራሱ ሥር አደረግኩት፣ አወጣሁት፣ መስኮቱ ላይ አኖርኩት፣ አነሳሁት።

ሰኞ መምህሩ ፕሮጀክተሩን ሲያገጣጥሙ ሦስተኛው ወንበራችን ባዶ ነበር። ከእኛ በፊት የነበረው ቡድን አቅርቦ ጨረሰ። ካሜራማኑ ፍላሹን እንዲሰጥ ተጠራ፤ እየተጎተተ ሄደ። እኔ በሩን እያየሁ ነው። ተነስቼ ልወጣ፣ ኮሪደሩን አይቼ ልመለስ ስል በሩ ተከፈተ፤ የሄርማታዋ ልጅ፣ ሻሿ በዝናብ ረጥቦ፣ እያለከለከች ገባች።

«ባጃጅ ጠፋብኝ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ፈቀዱልሽ?»

«ትናንት ሱቅ ውስጥ ደጋግመው ያስጮኹት ነበር። ለገበያተኛው ሁሉ፣ ይቺ ናት የድምፁ ባለቤት፣ ልጄ ያቺ አፏን ዘግታ የቆመችው ናት፣ እያሉ ያሳያሉ።» እርጥብ ሻሿን ጨመቅ አደረገች። «ግን አንድ ነገር አናዷቸዋል።»

«ምን?»

«መኪናው። ሁለተኛዋን ስንኝ ዋጠብኝ፣ ምን ትላለች? ይሉኛል። እኔ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ልንገርዎት ስላቸው እምቢ አሉ። እሷው ትምጣና ትንገረኝ አሉ።»

መብራቱ ጠፋ። አሰንዳቦ ግድግዳው ላይ መጣ፤ የእናቴ ሱቅ፣ አቧራው፣ ነጠላዬ፣ የእኔ ፊት ከነመስመሩ፣ ከክፍሉ በር የሚበልጥ። መሬት አፍ ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩት።

«ጠጋ በይ እንጂ» አለችኝ ልጅቱ፣ በክርኗ እየገፋችኝ። «አንቺ ጋርደሽኝ አንቺን ማየት አልቻልኩም።»

ጠጋ አልኩላት።